የእትዬ ብርቄ እንሰት

ባለፈው ማክሰኞ የፍሪጁን ማስተካከያ ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ለልጄ ለሰናይት አላመንኩላትም፣ ለእናንተ ግን አምናለሁ። ወተቱ ቶሎ ቶሎ እየጎመዘዘ ቢያስቸግረኝ እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት፤ በማግስቱ ታች መሳቢያ ውስጥ ያለው ጎመን በሙሉ እንደ መስታወት ደርቆ ተገኘ፣ አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ስናኖረው ደግሞ ቀስ በቀስ ጠቆረና ሙክክ ብሎ ውሃውን እያዠ ተዘረረ። "ሶ አባዬ፣ ፍሪጁ ራሱን በራሱ ነው ያዞረው?" ብላ አፈጠጠችብኝ። ያ ሽታ አፍንጫዬ ገብቶ ነበር፤ ብርድ የገደለው ቅጠል ሲቀልጥ የሚያወጣው ሽታ፣ እርጥብ ሣርና የቆመ ኩሬ የተቀላቀሉበት፣ ጣፈጥ የሚል ነገርም የማያጣው። እሱን እያሸተትኩ ቁጭ ባልኩበት ልጅነቴ ትዝ አለኝ።

ልጅነቴ ስል የመጀመሪያውን ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው እንደማንኛውም ሰው ልጅነት አልፎ ሄዷል፣ ብዙም የሚወራለት አይደለም። የምናገረው ስለ ሁለተኛው ነው፤ እሱ የጀመረኝ በስልሳ አንድ ዓመቴ፣ እዚሁ ዳላስ አጠገብ ሳክሲ፣ ሰናይት በቤተሰብ ቪዛ ካስመጣችኝ ቀን ጀምሮ ነው። ሠላሳ ዓመት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኜ፣ ፊርማዬን ፈልጎ ሰው ቢሮዬ በር ላይ ሲሰለፍልኝ የኖርኩ ሰውዬ፣ እዚህ አፍ የሌለው ሕፃን ሆንኩ። ልጄ መኪና ውስጥ ከኋላ ታስቀምጠኛለች፣ ጎንበስ ብላ ቀበቶዬን ታስርልኛለች፤ ምሳዬን በፕላስቲክ ዕቃ አድርጋ፣ ስንት ደቂቃ እንደማሞቀው ክዳኑ ላይ ጽፋልኝ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች፤ ምድጃ መንካት ክልክል፣ ደወል ለደወለ ሁሉ በር መክፈት ክልክል፣ ትልቁን መንገድ ብቻዬን መሻገር ክልክል። አንድ ቀን ሳላስፈቅድ በእግሬ እስከ ነዳጅ ማደያው ሄጄ ስመለስ እያለቀሰች መንገድ ላይ አገኘችኝ፤ እኔም፣ ምን ትሉኛላችሁ፣ አንገቴን ደፍቼ "ሁለተኛ አልደግምም" አልኳት።

ትምህርት ቤቴ ከአጥር ወዲያ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ሰዓሊ ናት፤ ሰው አትስልም፣ ተራራ አትስልም፣ ተክል ብቻ። ዕድሜዋ ከእኔ በአምስት ዓመት ይበልጣል። በወጣትነቷ ከቦንጋ ጫካ ተክል እየለቀሙ ለሚያጠኑ ምሁራን ትስል የነበረች፣ ቅጠልን በኮምፓስ እየለካች ልኩን ወረቀት ላይ የምታሰፍር ባለሙያ ነበረች፤ ዳላስ መጥታ ግን ኤርፖርት ውስጥ፣ ለአውሮፕላን የሚጫን ምግብ በሚዘጋጅበት ቀዝቃዛ ክፍል፣ ሰላጣ ስታሽግ ዓመታት አልፈዋል። ከሥራ ስትመለስ እጇን ሙቅ ውሃ ውስጥ ትነክርና ጣቶቿ ሲላቀቁላት ብሩሿን ታነሳለች። ሐበሻ በየጓሮው የሚያበቅለውን ጌሾና ጤና አዳም፣ ኮሰረትና ዳማከሴ፣ ካሮልተን ሮውሌት ሳትል በዳላስ ዙሪያ ከተማ ለከተማ እየዞረች በስዕል አስፍራዋለች፤ ከቤታችን ጀርባ ጅረቱ ዳር ያለውን ጫካም፣ ፔካን የሚሉትን የለውዝ ዛፍ ከነፍሬው፣ ኦክ የሚሉትን ዛፍ ከነቅርፊቱ፣ አልማረችውም።

ያን ጊዜ ባንክ የሰው ቤት የሚነጥቅበት ዘመን ነበርና፣ በመንገዳችን ላይ ባዶ የቀሩት ቤቶች ጓሯቸው ዱር ሆኖ ነበር። እትዬ ብርቄ መቀስና ከረጢት አስይዛ በየአጥሩ ታሾልከኛለች። በአንዱ ጓሮ የልጆች ዥዋዥዌ እንደተሰቀለ ቀርቶ፣ ሰንሰለቱ ላይ ሐረግ ተጠምጥሞበታል፤ እኔ ስለ ልጆቹ አስቤ ሆዴ ሲባባ፣ እሷ "አየህ፣ ደግ አድርገው ለቀቁት! አንድ ወር ቢቆዩ ያጭዱት ነበር" ብላ ሐረጉን እንደ ሹሩባ ቀስ አድርጋ ፈታችው።

አስተምሪኝ ያልኳት እኔው ነኝ፣ በማንም አላሳብብም። የመጀመሪያውን ወር በሙሉ አንድ የጌሾ ቅጠል አሳለችኝ፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ ሌላ ትቆርጣለች እንጂ ትምህርቱ ያው ነው። የቅጠሉን የዳር ጥርሶች አንድ በአንድ ታስቆጥረኛለች፣ እኔ ሲሰለቸኝ በግምት እሞላለሁ፣ እሷ ግን ትቆጥራለች። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ስህተቴን በቀይ እርሳስ ከብባ ስትጨርስ ወረቀቴ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ይመስላል። "አንተ ልጅ፣ ይሄ ቅጠል ነው ወይስ ታጥቦ የተሰጣ ካልሲ?" ትለኛለች። "መኮንን፣ መዝገብ ቤት ሠላሳ ዓመት የተቀመጥከው ዓይንህን ጨፍነህ ነው?" ትለኛለች። እወዳት ነበር። ማንም ሰው፣ ሚስቴ ነፍሷን ይማርና እሷም ብትሆን፣ የሠራሁትን ነገር እንዲያ ቀርቦ አይቶልኝ አያውቅም።

ከጓሮዋ፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር፣ ሰባት ዓመት ያሳደገችው እንሰት ነበራት። ለማያውቅ ሰው ሙዝ ይመስላል፤ እሷ ፊት ሙዝ ያለ ግን ሻይ አይቀዳለትም። እንሰት በሕይወቱ የሚያብበው አንድ ጊዜ ነው፣ አብቦም ይሞታል። ስለዚህ እናቷ ቦንጋ ላይ፣ ሊያብብ ሲል፣ ምግቡ አበባ ሆኖ እንዳያልቅ ይቆርጡት ነበር፤ እትዬ ብርቄ የዚያን አበባ ስዕል ለመሳል ከልጅነቷ ጀምራ ስትመኝ ኖራለች። ትልቁ ወረቀቷ ላይ ቅጠሉም፣ ግንዱም፣ ሥሩም ተስሎ አልቆ፣ መሃሉ ላይ በቀጭን እርሳስ የተከበበ ባዶ ቦታ ነበረ፤ የአበባው ቦታ። ብርዱ በመጣ ቁጥር እንሰቱን ብርድ ልብስ ታለብሰዋለች፣ የገና መብራት ትጠመጥምበታለች፣ እንዲያ እያደረገች ዓመት ከዓመት አሻግራዋለች። በዚያ ዓመት መኸር ላይ አዲሶቹ ቅጠሎች እያጠሩ፣ አናቱ እየወፈረ መጣ። "አበባ ሊያወጣ ነው" አለችኝ፣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛ፤ ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀምራ ነበርና። ሌላ ተክላ ሌላ ሰባት ዓመት የምትጠብቅበት እጅ እንደሌላት እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

የታንክስጊቪንግ ዕለት፣ አሜሪካኖች ቱርኪ የሚሉትን ትልቅ ዶሮ ጠብሰው በሚያመሰግኑበት በዓል፣ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ እሷ ቤት ተሰበሰበ። ከተበላ በኋላ እትዬ ብርቄ ብድግ ብላ ስዕሎቼን፣ ያን ሁሉ ኩፍኛም፣ ከመሳቢያ አወጣችና አንድ በአንድ ከፍ እያደረገች "ምን እንደሆነ ያወቀ የቱርኪውን እግር ይወስዳል!" አለች። አንዱ "የተረገጠ እንቁራሪት!" አለ። ሌላው "ካርታ ነው ባክሽ፣ ቴክሳስ ናት!" አለ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። ከሁሉም አስበልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ፤ አፌ እየሳቀ ዓይኔ ሰናይትን ፈለገ፣ ልጄ ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ትስቅ ነበር። የቱርኪውን እግር ማን እንደወሰደው አላስታውስም። ቤቴ ስገባ ግን፣ ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ፣ ትራሴን ነከስኩ።

ከዚያ አሥር ቀን ቢሆን ነው፤ ጠዋት በሸሚዝ የተወጣበት ቀን፣ ቀትር ላይ ሰሜኑ ጠቆረና ንፋሱ ዞረ። የዚህ አገር ብርድ አንኳኩቶ መግባት አያውቅም፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጆሮ የሚቆርጥ ሆነ። እትዬ ብርቄ ከሥራዋ ደወለች። "አንተ ልጅ፣ ብርድ ልብሶቹ ጋራዥ ውስጥ ናቸው፣ ኮዱን ታውቀዋለህ። እንሰቴን አልብስልኝ፣ መብራቱንም ሰካው። በረራው ሁሉ ዲሌይ ሆኖ እኔን እዚህ ይዘውኛል።" እሺ አልኳት። ሄድኩ፣ አወጣሁ፣ ብርድ ልብሱን ክንዴ ላይ አድርጌ እንሰቱ ሥር ቆሜ ሽቅብ አየሁት። ያሰብኩትን ልንገራችሁ፣ የልጅ ሐሳብ ነው፤ ልግደለው አላልኩም፤ ብርዱ ጫፍ ጫፉን ይለብልበው፣ ትንሽ ትደንግጥ፣ እሷም አንድ ቀን የተበላሸ ነገር ይዛ ሰው ፊት ትቁም አልኩ። ቆየት ብዬ አለብሰዋለሁ አልኩ። ቤት ተመልሼ መስኮቱ ጋ ወንበር ሳብኩና፣ በርዶኝ ስለነበር፣ ብርድ ልብሱን የራሴው ጉልበት ላይ ጣል አደረግኩት።

አሥር ሰዓት ገደማ እንደገና ደወለች።

"አለበስከው?"

"አልብሼዋለሁ።"

"መብራቱስ?"

"በርቷል።"

"ተባረክ" አለችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ስታስተምረኝ ተባረክ ብላኝ አታውቅም።

ወዲያው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጀመረ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ተነስቻለሁ። ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ ሰናይት ከሥራ ቀደም ብላ ገባች። "አባዬ! የት ልትሄድ ነው? ድራይቭዌዩ ሙሉ በሙሉ አይስ ሆኗል፣ ወድቀህ ትሰበራለህ!" ብላ ተንበርክካ ጫማዬን ከእግሬ አወለቀችው። አንድ ቃል ብናገር እሷው ራሷ ሮጣ ታለብሰው ነበር። ግን ያን ቃል ለመናገር መዋሸቴንም መናገር ነበረብኝ። ማካሮኒ አቀረበችልኝ፤ አስደግሜ በላሁ።

በማግስቱ ጠዋት ካልሲ በካልሲ ደርቤ፣ ግድግዳ እየተደገፍኩ በጓሮ በኩል ሄድኩ። እንሰቱ ከነቅጠሉ በበረዶ ተለብጦ ፀሐይ አርፎበታል፤ እንዲያ አምሮበት አይቼው አላውቅም። ብርድ ልብሱን አለበስኩት። አዎ፣ የሞተውን። መብራቱንም ሰካሁለት።

እትዬ ብርቄ እኩለ ቀን ላይ ደረሰች፤ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ጓሮ ሄደች። በአጥሩ ክፍተት አያታለሁ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች። በረዶው ከሥሩ እንደተለበጠ አለ፣ ጨርቁ ግን ደረቅ ነው። በጣቷ በረዶውን ነካች፣ ቀጥላ ጨርቁን ዳሰሰች፣ ቅጠል ስትመረምር እንደምታደርገው ቀስ ብላ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ ብዙ የተጭበረበረ ሰነድ አይቻለሁ፤ እንደኔ ያለ ደደብ አጭበርባሪ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ቀና ብላ በክፍተቱ በኩል አየችኝ። "አመሰግናለሁ፣ አቶ መኮንን" አለች።

በሦስተኛው ቀን በረዶው ቀለጠ፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ተዝለፈለፈ፣ ሽታው ሰፈሩን ሞላው። አስጠራችኝ። ግንዱን በመጋዝ አስቆረጠችኝ፣ ጋራዥ ውስጥ አጋድመን በቁመቱ በቢላዋ አሰነጠቀችኝ። አበባው እዚያ ውስጥ ነበር። ብርዱ እስከ መሃል ዘግይቶ የደረሰ ይመስላል፤ የክንዴን ያህል፣ ነጣ ያለ፣ ሽፋን በሽፋን ላይ ተጠቅልሎ፣ በየሽፋኑ ሥር የሕፃን ጥርስ የመሰሉ እንቡጦች በረድፍ ተደርድረው። "ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር" አለች። አየር ሲነካው ዓይናችን እያየ መበለዝ ስለጀመረ፣ እኔ ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ ሁለቱን ግማሾች በእጄ ከፍቼ ያዝኩላት፣ እሷ ቀኝ እጇን በግራዋ እየደገፈች ትስል ጀመር። ቀዝቃዛው ፈሳሽ በእጅጌዬ ገብቶ እስከ ብብቴ ወረደ። ስድብ ጠበቅሁ። አንዲት ስድብ ብትወረውርልኝ፣ እንደተንበረከክሁ ነበርና፣ እግሯን ለመሳም ሩቅ አልነበርኩም። እሷ ግን "ትንሽ ከፍ ያድርጉት" ትላለች፤ "ደከምዎት? ያሳርፉት" ትላለች፣ እንደ ትልቅ እንግዳ።

በጸደይ የሰፈሩ ላይብረሪ ስዕሎቿን ሰቀለላት። እንሰቱ ከሁሉም ፊት፣ መግቢያው ላይ ነበር፤ በዚያ ባዶ ቦታ ያልተወለደው አበባ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ የበለዘው ጠርዙ እንኳ ሳይቀር ተስሎ ተቀምጧል። በዚህ ሙያ አንድ ደንብ አለ፤ ከስዕሉ ግርጌ የሚጻፈው የሰዓሊው ስም ብቻ አይደለም፣ ተክሉን ከበቀለበት ቆርጦ ያመጣው ሰው ስምም ይሰፍራል። እትዬ ብርቄ በዚያች በምትንቀጠቀጥ እጇ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ከስሟ ሥር ስሜን ከነአባቴ ጽፋለች። ሐበሻው እየመጣ ጨበጠኝ። ሰናይት ስሜ አጠገብ አቁማ ፎቶ አነሳችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፣ አባቷ በሰው አገር ሰው ሆኖላት። እትዬ ብርቄም ትከሻዬን ነካ አድርጋ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ "አቶ መኮንን ባይኖሩ ይህ ስዕል እንዲህ ሆኖ አይወጣም ነበር" አለች። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እጄን የት ላድርገው?

ከዚያም በኋላ ትምህርቴን አላቋረጥኩም። በየሳምንቱ አንድ ስዕል ይዤ እሄዳለሁ፣ ሻይ ታቀርብልኛለች፣ ስለ ጤንነቴ ትጠይቀኛለች። አንድ ቀን እንድትቆጣልኝ ብዬ፣ የፔካን ቅጠል ዘቅዝቄ፣ አገዳውን ከጫፉ አውጥቼ፣ እብድ እንኳ የማይስለውን ስዬ ሰጠኋት። መነጽሯን ሳታደርግ አየችው። "በጣም ቆንጆ ነው" አለች፣ ስኳር እየጨመረችልኝ። በዚያው በጋ ቤቷን ሸጣ ሌላ ስቴት የእህቷ ልጅ ጋ ሄደች፤ እጇ ማንኪያ መያዝ እንዳቃታት ሰማሁ፣ ከዓመታት በኋላም ማረፏን ሰማሁ።

እኔ አሁን ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አዛውንት በሚውልበት ቤት ጠዋት ጠዋት አንድ ጥግ ይዤ ቅጠል እስላለሁ፤ ተንከባካቢዎቹም፣ ጎኔ የሚቀመጡት ሽማግሌዎችም፣ ልጄም ያምራል ይሉኛል፣ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ወስደው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉልኛል። ከእሷ ወዲህ በዚህ ሁሉ ዓመት ስዕሌን የሰደበልኝ አንድ ሰው የለም።