ደብዳቤውን ያነበበላቸው ሰው

ባንኮቹ ከመንኮታኮታቸው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ ዳላስ አጠገብ፣ ሪቻርድሰን ውስጥ ከአውራ ጎዳናው ዳር በቆመ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ፣ በአንድ የአክሲዮን ደላሎች ድርጅት የቁጥጥር ክፍል ተቀጠርኩ። ሥራው ለሰው ሲነገር አይጥምም። ድርጅቱ ደላሎቹን በራሳቸው ፈቃድ እንዳይለቅቃቸው ሕግ ያስገድደዋል፤ በደንበኛ ስም የሚገዙትንና የሚሸጡትን የሚከታተል ሰው መኖር አለበት። ለእኔ የደረሰችኝ የዚህ ክትትል አንዲት ቁራጭ ነበረች። በአንድ ደንበኛ ስም የሚካሄደው ግዢና ሽያጭ ከልክ ሲያልፍ ኮምፒውተሩ ይጠቁመኛል፤ እኔም «ይህ ሁሉ የሚደረገው በእርስዎ ፈቃድ ነው? አደጋውንስ ተረድተውታል?» የሚል ደብዳቤ ለደንበኛው እልካለሁ። ፈርሞ ከመለሰው አለቃዬ ዳር ላይ የስሙን መነሻ ፊደላት ይጭርበታል፤ እኔ የቀን ማኅተም መትቼ ፋይል ውስጥ አስገባዋለሁ። እንደማያነበው አውቃለሁ። ቢሆንም ፋይሎቼ ንጹሕ ነበሩ፤ በዚያም እኮራ ነበር።

ከደላሎቻችን አንዱ የአገሬ ልጅ ነበር። ሰው አክባሪ ነው፤ ለአዲስ መጪ የሥራ ማመልከቻ ይሞላል፣ ሆስፒታል ሄዶ ያስተረጉማል፣ ኀዘን ቤት ቀድሞ ደርሶ ወንበር ይዘረጋል። ሰዉ ገንዘቡን ከመስጠቱ አስቀድሞ የሚደርሰውን ፖስታ እንዲያነብለት ሰጥቶት ነበር።

ከደንበኞቹ አንዱ ሰባ ዓመት የተጠጉ የወሎ ሰው ነበሩ፤ እዚያው አቅራቢያ ሮውሌት፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ባንክ በሃይማኖታቸው የተከለከለውን ወለድ ስለሚከፍል ለጡረታ ያጠራቀሙትን እዚያ ማስቀመጥ አልፈለጉም። ደላላው «አክሲዮን ወለድ አይደለም፤ ሽርክና ነው» ብሎ አስረዳቸው። እውነቱን ነው። ያልነገራቸው፣ ሸሪኩን በየሳምንቱ እንደሚቀይረውና በቀየረው ቁጥር ለራሱ ኮሚሽን እንደሚቆርጥ ነው።

አንድ ቀን ለምሳ ስወርድ እንግዳ መቀበያው ዘንድ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጭናቸው ላይ በፖስታ የተሞላ የግሮሰሪ ፌስታል ይዘዋል።

«ሐበሻ ነሽ?» አሉኝ ገና ሰላም ሳልላቸው።

«አዎ፣ አባባ። ሰው እየጠበቁ ነው?»

«ያንን የአገራችንን ልጅ ነው፣ ደላላውን። ደብዳቤ ተከምሮብኝ፤ ሊያነብልኝ።» ፌስታሉን መታ መታ አደረጉት። «የኤርፖርት ሻትል አውቶቡስ ስነዳ አሥራ ስምንት ዓመቴ። ተርሚናሉ ከኤ ይጀምርና ኢ ላይ ያልቃል፤ የእኔም የእንግሊዝኛ ፊደል እዚያው አለቀ። የቀረውን እሱ ይጨርሰው።»

«ሴት ልጅዎ አታነብልዎትም?»

«ነርስ ናት፤ እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ፣ እኔ ስገባ እሷ ትተኛለች። ደግሞስ እሱ እያለ ሌላ ሰው ማስነበብ ምን ይባላል? አላመንኩህም ማለት አይደል?»

ከፌስታሉ አፍ ብቅ ያለውን ፖስታ አወቅሁት። ከሁለት ሳምንት በፊት እኔው ያሸግሁት ነው፤ እንደታሸገም ነበር። ደብዳቤው የተጻፈው ስለ ደላላው ለመጠየቅ ነው፤ የሚያነብላቸው ግን ራሱ ደላላው ሊሆን ነው። ይህን ለመረዳት ሕግ መማር አያስፈልግም፤ የእኛን ሰው ማወቅ ይበቃል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ከእሱ ሌላ የእኛን ሰው የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

የቁጥጥር ክፍል ሠራተኛ ከደንበኛ ጋር እንዳይነጋገር መመሪያ ነበር። ደላላውም ቢሰማ ይቀየመኛል፤ ወሬው የእኛ ሰው በብዛት እስከሚኖርበት እስከ ጋርላንድ ይደርሳል። የምሳ ሰዓቴም እያለቀ ነበር። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ግን በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ «ደህና ይዋሉ፣ አባባ» ብዬ ወጣሁ።

ደብዳቤው በአራተኛው ቀን ተፈርሞ መጣ። ፊርማው የእርሳቸው ነው፤ ቀኑን የሞላው ሌላ እጅ ነው። ማኅተሜን መታሁበት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ላክሁ፤ ሦስቱም ተፈርመው ተመለሱ።

ገበያው ሲወድቅ የብዙ ሰው ገንዘብ አብሮ ወደቀ፤ የእርሳቸው ግን አስቀድሞ በኮሚሽን ተሸርሽሮ ነበር። ደላላው ሥራውን ለቆ ሌላ ስቴት ገባ። ልጃቸው ጠበቃ ይዛ ድርጅቱን በግልግል ዳኞች ፊት ከሰሰች። ክርክሩ ደላላው ምን አደረገ የሚል አልነበረም፤ ድርጅቱ ማወቅ ይገባው ነበር ወይ የሚል እንጂ። የድርጅቱ መልስ አራቱ የተፈረሙ ደብዳቤዎች ነበሩ፤ እኔ ደግሞ የደብዳቤዎቹ ምስክር።

የድርጅቱ ጠበቃ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ አለማመደኝ። «የተጠየቅሽውን ብቻ መልሺ፤ ከራስሽ ምንም አትጨምሪ» አለኝ። እንድዋሽ ማንም አልጠየቀኝም። ያደከመኝም ይኸው ነው፤ ውሸት ቢጠይቁኝ እምቢ ማለት በቀለለኝ።

ጉባኤው የተሰየመው መሃል ዳላስ፣ በአንድ ሆቴል የስብሰባ ክፍል ነበር። መቼ እንደላክሁ፣ መቼ እንደተመለሰ፣ ማኅተሙ የማን እንደሆነ መለስኩ። ሽማግሌው ከጠረጴዛው ማዶ፣ አስተርጓሚዋ በጆሯቸው እያንሾካሾከችላቸው ይሰማሉ። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ መነጽሯን አውልቃ፣ «ስለ እነዚህ ደብዳቤዎች ልናውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ?» አለችኝ። ለሁሉም ምስክር የሚቀርብ የመሸኛ ጥያቄ ነው፤ ጠበቃችን ወረቀቱን መሰብሰብ ጀምሯል።

«ማን እንዳነበበላቸው አውቃለሁ» አልኩ። ፌስታሉን፣ ያልተከፈተውን ፖስታ፣ በሌላ እጅ የተሞላውን ቀን፣ አለቃዬ ሳያነብ የሚጭረውን ፊደል፣ ሁሉንም ተናገርኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከሁለት ወር በኋላ ዳኞቹ ድርጅቱ ከጠፋው አብዛኛውን እንዲመልስላቸው ወሰኑ፤ እኔም ከዚያ በፊት ሥራዬን ለቅቄ ነበር። በመሰከርኩበት ዕለት ግን ማናችንም ይህን አናውቅም። ስወጣ ሽማግሌው ሊፍቱ ዘንድ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ልጃቸው መኪና ልታመጣ ወርዳለች።

«ያን ቀን አውቀሽ ነበር?» አሉኝ።

«ጠርጥሬ ነበር፣ አባባ።»

«ታዲያ ምነው፣ ‹አምጡ፣ እኔ ላንብብልዎት› አላልሽ? እሰጥሽ ነበር እኮ።»

«የእኔ ሥራ ደብዳቤውን መላክ ነበር» አልኩ።

«እሱስ ደርሶኛል» አሉ።

ሊፍቱ ተከፈተ፤ ሰው ሞልቶበታል። የሚቀጥለውን እንጠብቅ ብለው አጠገቤ ቆሙ።