ድምፁን ቀንሰው የሚተርኩልን ጋሽ ከድር

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ዳሚ ሰፈር ፊልም ቤት የነበራቸው ጋሽ ከድር በገዛ በራቸው ላይ በብረት ተመትተው ሞተዋል። ሐርጌሳ ውስጥ ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው ጎረቤታቸው፣ ጎሚስታው ነስሩ ነኝ። «በአደጋ አረፉ» እያላችሁ የምታወሩ ተዉ! ተገደሉ።

ጋሽ ከድር በወጣትነታቸው የመርከብ ምግብ አብሳይ ነበሩ። አብሯቸው ያበስል የነበረ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ፣ አያቱ ከባርነት ወጥተው ቴክሳስ ውስጥ ከብት ይነዱ እንደነበር ነገራቸው። ያ ወሬ ልባቸው ገብቶ አልወጣም። ሁልጊዜ ጁምዓ ከሰላት በኋላ የካውቦይ ፊልም ይከፍቱልንና ድምፁን ቀንሰው ራሳቸው በአማርኛ ይተርኩ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ጥቁር ሰው የለም። እሳቸው ግን ስክሪኑ ላይ ከኋላ ፈረስ የሚያጠጣውን፣ ድስት የሚያማስለውን በጣታቸው እየነኩ «ይኼ በእውነቱ ጥቁር ነበር፤ ነጭ ያደረጉት ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው» ይሉናል። ከባርነት የወጡ ሰዎች በጋሪ ተጉዘው ከተማ እንደቆረቆሩ፣ ቤታቸው በላያቸው እንደተቃጠለ፣ በገመድ የተሰቀሉም እንዳሉ ይነግሩን ነበር። የአገሩን ነባር ሰዎች ከመሬታቸው ባፈናቀለው ጦር ውስጥ ጥቁር ወታደሮች እንደነበሩም አይደብቁም። «ጻድቅ ናቸው አላልኩም፤ ነበሩ ነው ያልኩት» ይሉ ነበር።

እኛ የምንፈልገው ተኩስ ነው! «ጋሽ ከድር፣ በአላህ ድምፁን ይጨምሩልን!» እንላለን። አንዱማ «ውሸታም ሽማግሌ!» ብሎ በድንጋይ ግንባራቸውን ፈነከታቸው። ደማቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ትረካውን ቀጠሉ። በሚቀጥለው ጁምዓ ያንኑ ሰው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። እኔ ብሆን በጎማ መፍቻ ነበር የምለው።

ዘይነባን ታውቋታላችሁ፣ እንደ እኛ ከአገር ቤት ተሰዳ መጥታ ገበያ ዳር ሳምቡሳ የምትጠብሰዋን። ቦታዋን ሊቀማት የፈለገ ጎረምሳ ደበደባት፤ እሷም ለፖሊስ ከሰሰችው። ጋሽ ከድር በሞቱበት ጁምዓ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ብረት ይዞ አሳደዳት። ፊልሙ መሐል ላይ እየጮኸች ገባች። ጋሽ ከድር ሪሞቱን ለእኔ ወርውረው ወጡና በሩን ከውጭ ቀረቀሩት።

«አሳልፈን፣ ሽማግሌ! ወደ አገሯ ትሂድ!» ሲል ጎረምሳውን ሰማነው።

«እዚህ የገባ እንግዳዬ ነው። ልጄ፣ ብረቱን አስቀምጥና እንነጋገር።»

የፊልሙ ድምፅ እንደተቀነሰ ስለነበር ምቱን ሁላችንም ሰማነው። ያ የአጥንት ስብራት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በሩን ገንጥለን ስንወጣ ደጋግሞ መትቷቸው ነበር። እሱን ያዝነው፤ ጓደኞቹ አመለጡ። ጭንቅላታቸው ተከፍቶ ደማቸው ጎማዎቼ ድረስ ወርዷል።

«ዘይነባስ?» አሉኝ።

«ደህና ናት» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም።

ጋሽ ከድር፣ ከቀበርንዎት በኋላ ዘይነባ ከሐርጌሳ ልትሸሽ ጓዟን ጠቅልላ ነበር። ባለፈው ጁምዓ ፊልም ቤትዎን ስንከፍት ልትሰናበተን መጣች። ድምፁን ቀነስኩት። እንደ እርስዎ መተረክ የት አውቄ! ብቻ ፊልሙ ውስጥ አንድ ሰውዬ ከኋላ በር ላይ ቆሞ ሳየው ተነስቼ በጣቴ ነካሁት። «ይኼ በእውነቱ ጥቁር ነበር፤ ስሙም ከድር ይባላል» አልኩ። ድምፅ ጨምር ያለኝ የለም። ዘይነባ አለቀሰች። ዛሬ ጠዋት ግን ቦታዋ ላይ ሳምቡሳዋን ስትጠብስ አገኘኋት። አላህ ይዘንልዎት፣ ጀነት ያግባዎት፤ ሪሞቱ እኔ ጋ ነው።