የሲላስ ቋጠሮ

ዲላ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ብስክሌት ያለው ሰው መንገዱን እኩሌታውን ይጋልባል፣ እኩሌታውን ይገፋል። እንዲያም ሆኖ ብስክሌት የመምህሩ፣ የጤና ረዳቱና የግብርና ሠራተኛው ክብር የነበረበት ጊዜ ነበር። ደጃፍ ላይ ተደግፎ የቆመ ብስክሌት የታየ እንደሆነ «ዛሬ እነ እንትና ቤት ትልቅ ሰው ገብቷል» ይባል ነበር። አሁን ባጃጁና ሞተሩ ቦታውን ወስደውበታል። ቢሆንም ኳስ ባለበት እሑድ ከሰዓት ከየሰፈሩና በዙሪያው ካሉት ቀበሌዎች ወደ ሜዳው የሚጎርፈው ብስክሌት ዛሬም ጥቂት አይደለም።

እነዚህን ብስክሌቶች ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀው ሲላስ ነው። በወጣትነቱ መናኸሪያው አጠገብ ብስክሌት ይጠግን ነበር። ደንበኛው እየሳሳ ሲሄድ መፍቻዎቹን ጠቅልሎ ከሜዳው በር በስተቀኝ፣ ከግንቡ ሥር ተቀመጠ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከጓሮው እንሰት የደረቀ ኮባ ይዞ ይመጣል። አንድ ሰው ብስክሌት ሲያስረክበው ከኮባው ሁለት ጣት ያህል ይዘለዝልና መካከሉ ላይ ይበጥሰዋል። ግማሹን ከብስክሌቱ መሪ ላይ ያስራል፣ ግማሹን ለባለቤቱ ይሰጣል። ጨዋታው ሲያልቅ ሁለቱ ግማሾች ይገጣጠማሉ። የተበጠሰ ኮባ ጠርዙ ሁልጊዜ ልዩ ልዩ ነው፤ የአንዱ ከሌላው ጋር አይገጥምም። እንደ ወረቀት ዝናብ አያበላሸውም።

መሪው ላይ የሚያስርበት ቋጠሮም የራሱ ነው። ሁለት ዙር ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ውስጥ ይቀብረዋል። ያ ቋጠሮ በምላጭ ይቆረጣል እንጂ በጣት አይፈታም፤ ልፍታው ያለ ሰው ቅጠሉን ይሰነጥቀዋል።

«ጋሽ ሲላስ፣ ቅጠሉ ቢጠፋብኝስ?» ይለዋል አንዳንዱ አዲስ ሰው።

«ሁሉም ይዞ እስኪሄድ ቁጭ በል። የተረፈው ያንተ ነው።»

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ከሜዳው በስተጀርባ ሁለት ብስክሌቶች ተሰረቁ። ባለቤቶቹ ወረፋ ሰልችቷቸው ሲላስ ዘንድ ሳይመጡ አጥር ላይ አስደግፈው የገቡ ናቸው። ነገሩ ግን ወሬ ሆነ፤ «ኳስ ሜዳ ብስክሌት ይሰረቃል» ተባለ። የውድድሩን ኮሚቴ ጉዳይ የሚጽፈው አብይ፣ ከማዘጋጃ ቤት የተመደበ ትሑት ወጣት፣ ከበሩ ወርዶ ሲላስን አነጋገረው።

«ጋሽ ሲላስ፣ እርስዎን የሚጠረጥር የለም። ግን ወጣቶች ተደራጅተው ቁጥር ባለው የፕላስቲክ ካርድ እንጠብቅ ብለዋል። ኮሚቴው ግማሹ ይደግፋቸዋል። ከእርስዎ እጅ አንድ ብስክሌት ከጠፋ እኔም ልከራከርልዎ አልችልም።»

«ከእኔ እጅ ጠፍቶ አያውቅም» አለ ሲላስ። እውነቱን ነበር።

ኅዳር ሲገባ በአንዱ እሑድ ዲላ ከፍስሐ ገነት ተጋጠመ። ከበሮ አለ፣ ጥሩምባ አለ፤ ሰው በሩ ላይ ይገፋፋል። የዳኛው ፊሽካ ሊነፋ ሲል ሁለት ሰዎች እኩል ደረሱ። አንደኛው ሳሙናና ስኳር የሚሸጠው ባለሱቅ ኸድሩ ነው፤ በስልክ እያወራ ስለነበር እጁን ብቻ አንስቶ ሰላም አለ። ሁለተኛው ለሚ የሚባል ከጪጩ የመጣ የእሸት ቡና ማጠቢያ ሠራተኛ ነው። ሁለቱም የያዙት ጥቁር የቻይና ብስክሌት ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ፕሮጀክት ለገጠር ሠራተኞች ካደላቸው ዓይነት፤ አሁን ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ የሚዞር። ኸድሩ የራሱን ስምንት ዓመት ነድቶታል፤ ለሚ ከገዛ ገና ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። ሲላስ ሁለቱን ኮባዎች በጥሶ ሁለቱን ብስክሌቶች አሰረ፤ የባለቤቶቹን ግማሾች በጥርሱ ይዞ ቆይቶ አደላቸው።

ዲላ አንድ ለባዶ አሸነፈ። ለሚ የሚሄድበት መንገድ ስላለው ቀድሞ ወጣ። ቅጠሉ ገጠመ፣ ብስክሌቱን ይዞ ነጎደ። ሰው ቀስ በቀስ ተበተነና መጨረሻ ላይ አንድ ጥቁር ብስክሌት ቀረ። ኸድሩ ቅጠሉን ሰጠ፤ እሱም ገጠመ። ሲላስ ቋጠሮውን ሊቆርጥ ምላጩን ሲያወጣ ኸድሩ ብስክሌቱ ላይ ተቀመጠና ወዲያው ወረደ።

«ይኼ የኔ አይደለም።»

«ቅጠሉ ገጥሟል እኮ።»

«ቅጠሉ ይግጠም! እኔ ብስክሌት ነው የምለው።»

አጠገባቸው የቆሙ ልጆች ሳቁ። «ጥቁር ነው፣ ሁለት ጎማ አለው፣ ሌላ ምን ቀረህ?» አለ አንዱ። «አሻሽሎ ሊሄድ ነው!» አለ ሌላው።

«ስምንት ዓመት የተቀመጥኩበትን መቀመጫዬ አያውቀውም?» አለ ኸድሩ። «ፍሬኑን እዩት፤ ልል ነው። እኔ በዚህ ዳገት በእንዲህ ያለ ፍሬን ብነዳ እስካሁን ሱቄን ልጆቼ ተካፍለውት ነበር።»

በፍቃዱ የሚባለው የባጃጅ ሾፌር ድምፁን ከፍ አደረገ። «ገባኝ! ቅጠሉን ቀያይረውታል። ጨዋታው ላይ ሁላችን ስንጮህ አንዱ ከኋላ ገብቶ የዚህን ለዚያ፣ የዚያን ለዚህ አሰረ። ቀድሞ የወጣው ማነው? የጪጩው ልጅ አይደለም? አውቀዋለሁ፣ ማጠቢያ ነው የሚሠራው። ነገ ሄደን በጆሮው ይዘን እናመጣዋለን!»

«ማንም ማንንም በጆሮ አይዝም» አለ አብይ፣ በጫጫታው ተስቦ መጥቶ። ደብተሩን አውጥቶ የኸድሩንና የለሚን ስም ጻፈ። «ነገ ከሰዓት ለፖሊስ እናመለክታለን። ጋሽ ሲላስ፣ እርስዎ የሚሉት አለ?»

ሲላስ ጎንበስ ብሎ የቀረውን ብስክሌት ቋጠሮ በአውራ ጣቱ ይዳብስ ነበር። ሁለቱ ዙር እንዳለ ነው፤ ጫፉ እንደተቀበረ ነው፤ ቅጠሉ አልተሰነጠቀም። ማንም አልነካውም። ማንም ካልነካው ደግሞ ቅጠሉን ያቀያየረ ሌባ የለም፤ በጥርሱ ከያዛቸው ሁለት ግማሾች የአንዱን ለሌላው የሰጠው እሱ ራሱ ነው። ይህን በዚያች ሰዓት ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሌባ አለ ከተባለ እሱ የተሰረቀበት ሽማግሌ ይሆናል፤ ሌባ የለም ካለ ደግሞ ብስክሌት በእጁ የጠፋበት ጠባቂ።

«ብስክሌቱ እኔ ዘንድ ይደር» አለ ብቻ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ጸሐይ ራት ስታቀርብ ነገራት።

«ሁለቱም ሰማያዊ ጃኬት ነበር የለበሱት» አለ። «ፊት አልለየሁም። ልብስ ነው ያየሁት።»

«አሁን ገና አወቅከው?» አለች ጸሐይ። «ከመስቀል ወዲህ ክር መርፌ ውስጥ የማስገባልህ እኔ አይደለሁም? ባለፈው ደጃፍ ላይ ለማን ነው ጎንበስ ብለህ እጅ የነሳኸው? ለጎረቤት አህያ!»

«ሰው ይመስል ነበር።»

«አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

«ጪጩ ልሄድ።»

ጠዋት ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ። ጪጩ ሩቅ አይደለችም፤ ወቅቱ ግን ቀይ ቡና የሚለቀምበት ስለነበረ መንገዱ ከረጢት በተሸከመ ሰው ተሞልቷል። ለሚን ያገኘው በማጠቢያው በር ላይ ነው። ልጁ ገና ከሩቅ ሲያየው እየሳቀ ሮጠ።

«ጋሼ! ጌታ ይባርክዎት! ትናንት ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ብይዝ ቀጥ! እኔ እኮ እየጸለይኩ ነበር የምወርደው። ሽማግሌው ሳልጠይቃቸው ጠገኑልኝ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ።»

«አልጠገንኩልህም» አለ ሲላስ። «የሰው ብስክሌት ነው የሰጠሁህ። ያንተ ይኼው።»

ለሚ ሁለቱን ብስክሌቶች አስጠግቶ አያቸው። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ታዲያ ሰውየው ምን አሉ?»

«ሌባ አሉህ። ስምህ ተጽፏል። ዛሬ ከሰዓት ለፖሊስ ይነገራል።»

«እኔ? እኔ እኮ በቅጠሌ ነው የወሰድኩት!»

«አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። ያንተን ለሱ፣ የሱን ላንተ ሰጥቼ ነው።»

ለሚ ትንሽ አሰበ። ክፉ ልጅ አልነበረም። «እርስዎንስ ምን ያደርጉዎታል?» አለ። «ሥራውን ሊነጥቁዎት ይችላሉ። ለምን ዝም ብለን አንለዋወጥም? መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ እንበልና ያልቃል።»

«መንገድ ላይ ተገኘ ካልን፣ መንገድ ላይ የጣለው ማነው ይባላል። ያኔም አንተው ነህ። ና፣ አብረን እንሂድ።»

ለሚ አለቃውን አስፈቅዶ የኸድሩን ብስክሌት ያዘ፣ ሲላስ የለሚን። ለሚ «እርስዎ ይንዱ፣ እኔ እገፋለሁ» ቢለውም ሲላስ እምቢ አለ። ሁለቱም እየገፉ ዲላ ገቡ።

ኸድሩ ከሱቁ ወጥቶ ብስክሌቱ ላይ ተቀመጠ። «አልሐምዱሊላህ! አሁን ነው!» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሽ ሲላስ፣ በቃ ተገኝቷል። ዝም በል፣ ማንም ምንም አይጠይቅህም። እኔም ረስቻለሁ» አለው።

«አንተ ብትረሳ አብይ ጽፎታል፤ በፍቃዱ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ወሬውን በባጃጁ እያዞረ እያደለው ነው። ለአብይ ስልክ ደውልልኝ።»

አብይ ከቢሮ መጣ። በፍቃዱም ተሳፋሪ አውርዶ ቆመ። ሲላስ በለሚ ብስክሌት ላይ እንደታሰረ ያለውን ቅጠል አሳየ።

«ይህን ፍታው» አለው አብይን።

አብይ በጥፍሩ ሞከረ። ጫፉን ፈልጎ አጣ፤ ሲስበው ቅጠሉ እስከ መካከሉ ተሰነጠቀ።

«አየህ? ትናንት ሳይሰነጠቅ ነው ያደረው። ማንም አልፈታውም። ቅጠል የቀየረ ሰው የለም። እኔ ነኝ ግማሾቹን ለማይሆን ሰው የሰጠሁት። ዓይኔ ፊት አይለይም። ትናንት አይደለም የጀመረው፤ ትናንት አወቅኩ።»

አብይ ደብተሩን ገልጦ ያየው ጀመር።

«ስለዚህ ሌብነት የለም ማለት ነው።»

«የለም።»

«እንግዲህ ስሙን ልሰርዘው?»

«ሰርዘው። የኔን ጻፍበት።»

አብይ ሰረዘ። የሲላስን ስም ሲጽፍ ቀስ ብሎ ነበር። በፍቃዱ ጎሮሮውን ጠርጎ ወደ ለሚ ዞረ። «ወንድሜ፣ ይቅርታ። ያው ወሬ ነው፤ የኳስ ሞቅታ።»

«በአፍ ይቅርታ አይሆንም» አለ ለሚ። «የሚቀጥለው እሑድ ከጪጩ በባጃጅህ ታመጣኛለህ፣ በባጃጅህ ትመልሰኛለህ። ብስክሌቴንም ጭነህ።»

«ብስክሌት ባጃጅ ላይ? አበድክ?»

«ሌባ ስትለኝ አላበድክም?»

ኸድሩ ሳቀ፤ ለሁሉም ለስላሳ ከፈተ።

ኮሚቴው ሐሙስ ተሰበሰበ። የተባለውን አብይ ራሱ መጥቶ ለሲላስ ነገረው። ስለ እውነተኛነቱ አመስግነውታል፤ ብስክሌቱን ግን ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ወጣቶቹ ይጠብቁ ብለዋል። ሲላስ «መልካም» አለ። «ግን አስረክቤ ልሂድ። ዝም ብዬ አልለቅም» አለ።

እሑድ ዕለት ወጣቶቹ ቢጫ ካርዳቸውን በገመድ ሰክተው ጠበቁት። መሪያቸው ማርቲ ትባላለች፤ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ የምትፈልግ ልጅ ናት። ቁጥር አንድን ለመጀመሪያው ብስክሌት፣ ቁጥር ሁለትን ለሁለተኛው እያለች ሳትሳሳት አደለች። ሰው ሁሉ ገብቶ ጨዋታው ሲጀመር ሲላስ ከረድፉ ጫፍ ጀመረ። መሪ ይዳብሳል፣ ቸርኬ ያሽከረክራል፣ ጎማ ይጫናል።

«ይቺ የመምህር ገብረኪዳን ናት። ግንቡ ላይ አታስደግፏት፤ የግራ ፔዳሏ ይወልቃል። ይኼኛው የደመላሽ ነው። ሁልጊዜ ከእረፍት በፊት ይወጣል፤ ወደ ውስጥ አታስገቡት። ይኼ ደግሞ ትናንት ጎማ ቀይሯል፣ አዲስ ጎማ ዓይን ይስባል፤ በመካከል ይቁም። የዚህን ባለቤት አላውቀውም። እንግዳ ነው። ስሙን ጠይቂው።»

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ እየጻፍኩ ነው» አለች ማርቲ። ካርዱን ብብቷ ሥር ይዛ ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ ነበር።

እሱም ዝግ አለ። ከግንቡ ወዲያ ሰው ጮኸ፣ ተሳደበ፣ ደግሞ ጮኸ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የእረፍት ፊሽካ ተነፋ፤ ቆሎና ሸንኮራ የሚፈልገው ሰው ወደ በሩ መጣ። ማርቲ ያለቀ መስሏት ደብተሯን አጠፈች።

«አስራ አንድ ይቀራል» አለ ሲላስ፣ እጁን የሚቀጥለው ብስክሌት ላይ አድርጎ።

ማርቲ ደብተሯን መልሳ ገለጠች።