የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ቀጭን ዘይት

እኔ ሰው ማድነቅ አይሆንልኝም። ዓባይ ማዶ፣ ከድልድዩ ወረድ ብሎ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ስሸጥ ስንት ዘመኔ፤ ሹፌር ሁሉ ይመጣና እኔኑ ሊያስተምር ይዳዳዋል። «ሥርጉት፣ ወፍራሙን ስጭኝ! ሞተር የሚጠብቀው ወፍራም ነው!» ይለኛል። ለምን ስለው፣ አባቴ የሚያደርገው እሱን ነበር ይላል። የአባትህ መኪና እኮ ያ አሮጌ ላንድሮቨር ነው፤ ያንተዋ ገና ትናንት ከመርከብ የወረደች ናት! ማን ይሰማኛል? ተናግሬ ተናግሬ ሲደክመኝ የጠየቀኝን አንሥቼ እሰጠዋለሁ። እንግዲህ በዚሁ አፌ ነው ዛሬ መሪጌታ ሀብተ ሥላሴን የማመሰግነው።

መሪጌታ የሚኖሩት ከሱቄ ጀርባ ነው። ሐይቁ ዳር ባለችው ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ፣ ተማሪ የሆነውም ያልሆነውም፣ «የኔታ» ነው የሚላቸው። ባለቤታቸው እማማ የሺአረግ ኩላሊታቸውን ታመው ማክሰኞና ሐሙስ ከድልድዩ ወዲያ ወዳለው ሆስፒታል ለእጥበት ይሄዳሉ። መጀመሪያ በባጃጅ ነበር። አንድ ሐሙስ ዝናብ ጥሎ ባጃጅ ጠፋና ዘግይተው ቢደርሱ፣ ተራቸው ለሌላ ታማሚ ተሰጥቶ ጠበቃቸው። እስከ ማክሰኞ ድረስ እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ እኛ ጎረቤቶቹ ዛሬስ አድረው ይሆን እያልን ሰነበትን። የመሪጌታ የድሮ ተማሪዎች ያን ጊዜ ነው ተሰባስበው ትንሿን ቪትዝ መኪና የገዙላቸው።

መሪጌታም በዚያ ዕድሜያቸው መንጃ ፈቃድ አወጡ። አይ ሳቃችን! ጥምጥማቸው ጣሪያውን እየነካ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሁለት እጃቸው መሪውን ጭብጥ አድርገው ሲሄዱ የባጃጅ ልጆች ከኋላ ጡሩምባ ይለቁባቸዋል። እሳቸው ግድም የላቸው። በዚህ ከተማ ቆሞ አህያ የሚያሳልፍ ሹፌር ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

መኪናዋ በመጣች ሰሞን ሱቄ መጡ። ኮፈኑን ከፍተው፣ የዘይት መጨመሪያው ክዳን ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ነው የመጡት።

«ልጄ፣ ዜሮ ደብሊው ሃያ ይላል። ዜሮው ምንድን ነው? ሃያውስ?»

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ አልነበረምና ደስ አለኝ። «የፊተኛው ቁጥር ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ዘይቱ እንዴት እንደሚሮጥ የሚነግርዎ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጠዋት ቶሎ ይደርስላታል። የኋለኛው ደግሞ ሞተሩ ከጋለ በኋላ ምን ያህል እንደሚወፍር ነው» አልኋቸው።

ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «አንድም በብርድ፣ አንድም በሙቀት» አሉ፣ ልክ መጽሐፍ ሲተረጉሙ እንደሚሉት። «ስለዚህ አንዱን ይዘን ሌላውን ብንለቅ ትርጓሜው ይጎድላል ማለት ነው።»

የሚኒባስ ሹፌሩ አምባቸው አጠገባችን ቆሞ ነበር። «የኔታ፣ እሱ እኮ ውሃ ነው! ወፍራሙን፣ ሃያ ደብሊው ሃምሳውን ያድርጉባትና ይገላገሉ!» አላቸው።

«አምባቸው ልጄ፣ የሠራት ሰው እዚህ ጽፎላታል። እኔ እስካሁን ያደረስሁት የአባቶችን ዜማ እንደተቀበልሁት ነው። በመኪና ጊዜ ድፍረቱን ከየት አመጣዋለሁ?»

አምባቸው ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ሰው ሲቀልድባቸው አይኮሳተሩም፤ ያሉትንም አይለቁም። የመኪናዋ መመሪያ በጃፓንኛ ስለሆነ የሚያነብ ሰው ፈላልገው አገኙ፤ ዜሮ ሃያው ከገበያ ቢጠፋ አምስት ደብሊው ሠላሳ እንደሚፈቀድላት አረጋግጠው መጡ። ከዚያ ወፈር ያለውን ግን አይሆንም አሉ፣ አበቃ።

መቼ መቼ ልቀይር ሲሉኝም እንዲሁ ነው። «ጣሳው ላይ አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። የእርስዎ መንገድ ግን አጭር ነው፤ ሞተሯ በቅጡ ሳይሞቅ ደርሰው ያጠፏታል። በኮረኮንቹ መንገድ ወደ አንበሳሜ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡ ደግሞ አቧራ ትጠጣለች። አምስት ሺህ ወይም ስድስት ወር፣ ቀድሞ የደረሰውን ይያዙ» አልኋቸው። በኪሎ ሜትሩ በኩል እሳቸው እዚያ አይደርሱም፤ ወሩ ነው የሚቀድማቸው። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አንዴ፣ ፍልሰታ ሲፈታ አንዴ ይቀይራሉ። ቀርተው አያውቁም። ዘይት የሚጠቁረው የሞተሩን እድፍ ስለሚሸከም ነው፣ ጠቆረ ተብሎ አይደፋም ብዬ የነገርኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በዚያው ያዙት። አምባቸው እንኳ የሚኒባሱን ዘይት ጊዜ የሚያውቀው የኔታ ወደ ሱቄ ብቅ ሲሉ ሲያይ ሆኗል፤ ወፍራሙን መግዛቱን ባይተውም።

ዘንድሮ በሰሙነ ሕማማት ገድሉ መጣ። ገድሉ የመሪጌታ የድሮ ተማሪ ነው፤ ዜማውን ከመሐል ትቶ መሪ ጨበጠ፣ ዛሬ ትልቅ የጭነት መኪና ይነዳል፣ የልጆች አባት ነው። ለቪትዟ ካዋጡት አንዱም እሱ ነበር። በዓሉን ከመምህሩ ጋር ሊውል ሲመጣ ባዶ እጁን አልመጣም፤ ለራሱ መኪና የሚወደውን ያንን ወፍራም ዘይት በጋሎን ይዞ መጣ። ረቡዕ የኔታ ቤተ ክርስቲያን ሲውሉ መለኪያ ዘንጓን መዝዞ ቢያይ ዘይቱ ጠቁሯል። «የኔታን እንዲህ ችላ ያለብኝ ማነው!» አለ አሉ። ጾሙ ሲገባ የተቀየረውን፣ ገና ብዙ የሚሠራውን ዘይት ደፍቶ የራሱን ሞላባት። እማማ የሺአረግ መርቀውታል። ለመምህሩ ግን ጠዋት ሲነዱ ራሳቸው እንዲያገኙት ብሎ ሳይነግራቸው አደረ።

ሐሙስ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ቪትዟ ካካካካ እያለች መጣች። ደነገጥሁ። ያች መኪና እንደዚያ አትጮህም! መሪጌታ ሱቄ በር ላይ አቁመው ወረዱ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሥርጉት፣ ድምጿ ተለወጠብኝ። የሞተር መብራትም አብርታለች። የሺ ከኋላ ናት፣ ሰዓታችን ደርሷል።»

ኮፈኑን ከፍቼ ዘንጉን ብመዝዘው ዘይቱ እንደ ማር ተጎተተ። ደሜ ፈላ። «ይህን የጨመረ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነው? ይች መኪና የዘይት መተላለፊያዋ የመርፌ ቀዳዳ ነው የሚያክለው! የሰው ነፍስ የተጫነባት መኪና እኮ ናት!» እያልሁ ጮህሁ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

መሪጌታ ወደ ኋላ ወንበር አየት አደረጉና፣ ነገሩ የገባቸው ይመስል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጥፋቱ የእኔ ነው። ያላስተማርሁትን ከማን ልጠይቅ?» አሉ።

አልገባኝም ነበር። ከእማማ የሺአረግ አጠገብ የተቀመጠው ግዙፍ ሰውዬ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ነው የገባኝ። «እኔ ነኝ የኔታ» አለ ገድሉ። «ይጠብቃታል ብዬ ነው።»

«ለእኔው አስቦ ነው እኮ» አሉ እማማ የሺአረግ ጋቢያቸው ውስጥ ሆነው። ያበጠ እግራቸውን ሳይ ኮፈኑን መልሼ ዘጋሁት።

መሪጌታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «ትደርሳለች?»

«ትደርሳለች። ለአንድ መንገድ አትሞትም፤ ክፋቱ ሲሰነብት ነው። እስክትሞቅ ነዳጁን አይርገጡባት። እማማን አድርሰው ይመለሱልኝ» አልሁ። አፌ ይህን ይበል እንጂ ድልድዩን ወጥተው እስኪጠፉ ድረስ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆሜ ነበር። እመቤቴ፣ ዛሬን አሳልፊያት አልሁ።

ደረሱ። ተራቸው ሳያልፍ እማማ የሺአረግ ማሽኑ ላይ ተኙና ሁለቱ ወንዶች ተመለሱ። እኔ ዜሮ ሃያውንና ፊልትሮውን አውጥቼ ጠበቅኋቸው። ገድሉ ማንንም አላስጠጋም። ለበዓል ያሰፋውን ነጭ ልብስ እንደለበሰ ከመኪናዋ ሥር ገባ፤ የራሱን ስጦታ ሳፋ ላይ አንቆረቆረው። መሪጌታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁት፤ አልመከሩት፣ አልገሠጹት። ቀጭኑን ሞልተን ስናስነሣት መብራቱ ወዲያው ባይጠፋም ያ ካካታ ቆመ። እፎይ አልሁ።

ገድሉ ክርኑ ድረስ ጠቁሯል። እጁን ወደ ኋላ ደብቆ ቆመ። መሪጌታ ተነሡና ሱቄ በር ሥር ያለችውን ጆግና ሳሙናውን አነሡ።

«ዘርጋ» አሉት።

«ኧረ በሥላሴ የኔታ! የማፈስልዎ እኔ ነኝ እንጂ!» ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ልክ ነው፤ በእኛ አገር ለታላቅ ታናሽ ነው ውሃ የሚያፈሰው፣ ያውም ለመምህር።

«ዛሬ ምን ቀን ነው?»

«ጸሎተ ሐሙስ» አለ አንገቱን ደፍቶ። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ቀን።

«እንግዲያው ዘርጋ።»

ዘረጋ። ውሃውን እያፈሰሱ፣ ሳሙናውን ይዘው ጣቶቹን አንድ በአንድ አሹለት፤ ጥቁሩ በነጭ እጅጌያቸው ላይ ሲንጠባጠብ አላዩትም። ያ የሚያክል ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔም ዞር ብዬ ጣሳ ያስተካከልሁ መሰልሁ፤ እንባዬን ነው የጠረግሁት።

ሲጨርሱ መሪጌታ የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እርጥብ መዳፉ ላይ አኖሩለት። «እኔን የእግር እጥበቱ ሥርዓት ይጠብቀኛል። የሺን አንተ አምጣልኝ» አሉት።

ገድሉ ቁልፉን በሁለት እጁ ተቀብሎ ገባ። ሞተሩን አስነሥቶ ትንሽ ጠበቀና ነዳጁን ሳይረግጥ ቀስ ብሎ ወደ ድልድዩ ወጣ።