ድኩላዎቹ የሞቱበት ወንዝ

ልጅ ሳለሁ፣ ጉብሬ አጠገብ ባለው ሰፈራችን፣ አያቴ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ምድጃው ዳር ተቀምጠው ተረት ያወሩልን ነበር። የሶላሯ መብራት ስትደበዝዝ ፍሙን ቆስቆስ ያደርጉና፣ ጭሱ እያስለቀሰን፣ «ታዲያ ማን ይመስላችኋል?» ይሉናል። በእሳቸው ተረት ላም ብትጠፋ የሰረቃት አለ፤ ልጅ ቢታመም ያሳመመው አለ። ጥፋተኛውን ቀድሞ በማወቅ የሚስተካከለኝ አልነበረም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚሉት አያቴ በዚህ ይኮሩብኝ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ድኩላዎች ወንዛችን ዳር ሞተው ይገኙ ጀመር፤ አፋቸው አረፋ ደፍቆ፣ አፍንጫቸው ውሃው ውስጥ ተነክሮ። በክት ነውና ማንም ቀርቦ አልነካቸውም። ሁሉም ከሩቅ አይቶ ውሃው ተመርዟል አለ። ያኔ እኛም ከብቶቻችንም የምንጠጣው ከዚያው ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ሽኩር ጫት ያመርቱ ነበር፤ የተባይ መድኃኒት መርጫቸውን አዝለው ሲያልፉ ሁሌ እናያቸዋለን። አንድ ምሽት አያቴ ፍሙን እያዩ፣ «ያንን መርጫ የት ይሆን የሚያጥበው?» አሉ። እንደ ተረቱ ጊዜ አፌ ቀደመኝና፣ «ወንዙ ላይ፤ አይቻለሁ» አልኩ። አላየሁም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ሽማግሌዎች ከዓስር ሶላት በኋላ ወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። ስሜ አልተነሳም፤ «ያየ ሰው አለ» ብቻ ተባለ። ጋሽ ሽኩር፣ «ወላሂ፣ ጓሮዬ ነው የማጥበው» ቢሉም የሚሰማቸው ጠፋ። ጎንበስ አሉና ውሃውን በሁለት እጃቸው ጨልፈው ጠጡ። ማንም ተው አላላቸውም። እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ።

ሦስት ቀን ከእንሰቱ ኋላ ተሸሽጌ ቤታቸውን ጠበቅሁ፤ ከክዳኑ ጭስ ሲወጣ ባየሁ ቁጥር እፎይ እል ነበር። አልሞቱም። ሰፈርተኛው ግን፣ «ማርከሻ ውጦ ነው የመጣው» አለ።

በኋላ ከወልቂጤ የእንስሳት ሐኪም በሞተር መጣ። ትንኝ የምታስተላልፈው በሽታ ሳይሆን አይቀርም አለ፤ ትኩሳቱ ሲያቃጥላቸው ድኩላዎቹ ራሳቸው ውሃ ፍለጋ ወርደው እዚያው ይወድቃሉ። አያቴ ጥቂት አሰቡና፣ «ትንኟንስ ማን ላካት?» አሉት። ሐኪሙ ሳቀ፤ እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም።

በቅርቡ ጋሽ ሽኩርን ወልቂጤ መናኸሪያ አገኘኋቸው። ሰላምታ ተለዋውጠን ትንሽ እንደቆየን፣ «አየሁት ያለው አያትሽ ነው ብዬ ቀብሩ ላይ እንኳ አልቆምኩም» አሉኝ። ያን ሁሉ ዓመት የእኔን ዕዳ አያቴ ተሸክመውልኝ ኖረዋል።

«ጋሽ ሽኩር፣ እኔ ነኝ ያልኩት» አልኳቸው። «ውሸቴን ነበር።»

«አንቺማ ልጅ ነበርሽ» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ በይ ያለሽ ማን ነው?»

ማንም እንዳላለኝ ማልኩላቸው። አንገታቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁና አያቴን አንድ ጊዜ ረገሟቸው፤ ከዚያ ሚኒባሳቸው ውስጥ ገቡ።