ኦቦ ገመቹ ዛሬ ያስተማሩት አረማመድ

ዛሬ ረፋድ ላይ የሰፈራችን የእግር ኳስ አሰልጣኝ ኦቦ ገመቹ የቡድኑን ፈጣን ልጅ እጅ ጨብጠው «እንዳትሮጥ» ሲሉት ሰማሁ።

ልጁ ናሆም ይባላል፤ አማካይ ነው። ኦቦ ገመቹ ሁለት ዓመት ሙሉ የአሸዋ ጆንያ አሸክመው ዳገት እያስወጡ፣ ባጨበጨቡ ቁጥር ከቆመበት እንዲፈተለክ አሰልጥነውታል። ቡራዩ ውስጥ በዕቅዱ መሠረት ያለቀ ሥራ እሱ ብቻ ነው።

ልምምድ ላይ እያለን በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የአምቦ መንገድ ተዘጋ። ወደ ቤት ለመግባት በወታደሮች ፊት ማለፍ ግድ ሆነ። በእንዲህ ያለ ቀን የሚሮጥ ሰው ድንጋይ ወርውሮ የሚሸሽ ይመስላል።

እኔ ኳሶቹን በመረብ ተሸክሜ ከኋላ ተከተልኩ። መረብ ሙሉ ኳስ የያዘ ጎልማሳ ማንንም አያሰጋም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ወታደሮቹ አጠገብ ስንደርስ ከወደ ድልድዩ ተኩስ ተሰማ። የናሆም ተረከዝ ከመሬት ተነሳ።

«ሱታ፣ ሱታ። ቀስ በል ልጄ።»

«ኮች፣ እግሬ እምቢ አለኝ።»

«አውቃለሁ። እኔው ነኝ ያስለመድኩት። እጄን ጭመቅ፣ እንዳትለቅ ብቻ።»

ከሠርግ እንደሚመለሱ ሽማግሌዎች እየተጎተቱ አለፉ። ማንም አላስቆመንም።

ኦቦ ገመቹ ናሆምን ለእናቱ አስረክበው ሜዳው ላይ ወደቀሩት ልጆች ተመለሱ። በቡድን መሄድ ሌላ ጣጣ ስለሆነ አንድ በአንድ ነው የሚያመጧቸው። ይህን ስጽፍ በመስኮት አያቸዋለሁ፤ አራተኛውን ይዘው እየመጡ ነው። ሰባት ይቀራሉ።

ሰበታና ሱሉልታ ያላችሁ፣ የእናንተ ልጆች ገቡ? እንዴት እንዳስገባችኋቸው ጻፉልኝ።