የእንግሊዝ አገር ዋስ

እንግሊዝ አገር የፋይናንስ ማስተርሴን ጨርሼ ሥራ ስፈልግ፣ የማመልከቻው ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ነበረች፤ «በዚህ አገር ለመሥራት ስፖንሰር የሚሆንዎት ቀጣሪ ያስፈልግዎታል?» ትላለች። ያስፈልገኛል። ከትምህርት በኋላ የተሰጠኝ ፈቃድ ሲያበቃ፣ ቪዛ የሚያወጣልኝ ድርጅት ካልተገኘ ወደ አገሬ መመለሴ ነው። «አዎ» የሚለውን ስጫን መልሱ አንዳንዴ ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። «ማመልከቻዎ እጅግ አስደስቶናል» ብሎ ይጀምራል። እጅግ የተደሰተ ሰው እንደማይቀጥረኝ ያኔ ተማርሁ። እስከዚያው በአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሽማግሌዎችን እያበላሁና እያለበስሁ እኖር ነበር።

በጥር ወንድሜ ሲያገባ ወደ ፎገራ መጣሁ። ሠርገኛው ሁሉ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ።

«ባንክ ገባሽ አሉ» አሉኝ አንዲት የጎረቤት እናት።

«ገና ነኝ እማማ።»

«እንግዲያ በሩ ላይ ነሻ!»

«አዎ፣ በሩ ላይ ነኝ» አልሁ። ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ሠርጉ አልፎ ድንኳኑ ሳይነቀል አንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት በቪዲዮ ሊያነጋግረኝ ቀጠረኝ። እኛ ቤት ኔትወርክ ስለማይረጋ ወረታ ከተማ ወርጄ ሆቴል ውስጥ ከጓሮ በኩል ክፍል ያዝሁ። አባቴም አብሮኝ መጣ። አባቴ ሩዝ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ ልጁ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ሆቴል ተዘግታ ስትነጋገር ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አይደለም። ጋቢውን አጣፍቶ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መሀል አቁሞ፣ ካሜራው በማያገኘው በኩል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ጠያቂዎቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ። ውጭ የጭነት መኪናው ሁሉ መገንጠያው ጋ ሲደርስ ጥሩምባውን ይነፋል። ሰውዬው ባቡር ጣቢያ ውስጥ እንደሆንሁ ጠየቀኝ። ቤተሰቤ ጋ ነኝ አልሁት። ስለ ኪሳራ ስጋት ጠየቁኝ፤ በደንብ መለስሁ። ስለ ወለድ ጠየቁኝ፤ መለስሁ። በመጨረሻ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠረገና ስፖንሰር እንደሚያስፈልገኝ አነሣ።

አባቴ ያቺን አንድ ቃል ሰማ። «ስፖንሰር ያሉት ምንድን ነው?»

«ኃላፊነት የሚወስድልኝ።»

«ዋስ ነዋ!»

«እንደዚያው ነው።»

ተነሣና መጥቶ ከጎኔ ቆመ። እስክሪኑ ላይ ደረቱና የዱላው እጀታ ብቻ ታየ። ጎንበስ ሲል ፊቱም መጣ።

«ዋሷ እኔ ነኝ በያቸው።»

ነገርኋቸው። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

«ለስንት ሰው ዋስ ሆኛለሁ፤ አንድም አላሳፈረኝ በያቸው። አንዱ ጠፍቶ ነበር፤ እሱም ለፋሲካ መጣ።»

የፋሲካውንም ተረጎምሁ። ሰውዬው አንድ ነገር ጻፈ። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ሸፈነችና ቆይታ፣ «አባትዎን ያመስግኑልን» አለች። የእኔ ፊት ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ግሎ ነበር።

ኮምፒውተሩን ስዘጋ አባቴ፣ «ተቀበሉን?» አለኝ።

«እናስብበት ብለዋል።»

«ያስቡ። ዋስ ሲጠራ ማሰብ ያለ ነው።»

ወደ እንግሊዝ ልመለስ ስሰናዳ መልሱ መጣ። ለዚህ ዓመት ስፖንሰር የሚሆኑበት በጀት አልቋል። አባቴ ሩዝ ወደሚያበራይበት አውድማ ሄጄ ነገርሁት። በሬዎቹን አቆማቸው።

«የእኔን ዋስትና አልተቀበሉም ማለት ነው?»

«የማንንም አይቀበሉም አባዬ።»

«የማንንም ይሁን። እኔን ሳያውቁኝ?»

ያን ቀን ምሳ አልበላም። እኔ በላሁ፤ ለምጄዋለሁ።

በሚያዝያ ገደማ ያቺ ጠያቂ ሴትዮ ጻፈችልኝ። በሰሜን በኩል ባለች አንዲት ከተማ ትንሽ የሒሳብ ቢሮ ያለው ዘመድ አላት። አባቴ የተናገረውን ሁሉ ነግራዋለች። ሰውዬው ራሱ ደወለና ሳይዞር ነገረኝ፤ «ሰው እፈልጋለሁ። ነገር ግን ስፖንሰር የመሆን ፈቃድ የለኝም፤ እንዴት እንደሚወጣም አላውቅም።»

እኔ አውቅ ነበር። በዚያን ጊዜ የኢሚግሬሽኑን ደንብ ከተማርሁት ፋይናንስ በላይ አውቀው ነበር። ምን እንደሚያቀርብ፣ ምን ብሎ እንደሚጽፍ፣ የትኛውን ጥያቄ ሰው ሁሉ እንደሚሳሳተው አስረዳሁት። እሱ እያጉረመረመ ቅጹን ሞላ። የእሱ ፈቃድ የመጣው የእኔ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ ቪዛዬም ክረምት ላይ ወጣ።

ለአባቴ ስደውል ሩዝ እያረመ ነበር። ውኃው ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል።

«ሥራ አገኘሁ አባዬ። ቪዛውም ወጣ።»

«ተመስገን። ሰውዬው ምን ዓይነት ነው?»

«ሽማግሌ ነው። ብዙ አይናገርም።»

«ከብት አለው?»

«ውሻ አለው።»

ይህን ለረጅም ጊዜ አሰበበት።

«ይሁን» አለ። «አክብሪው። አሁን ዝናቡ መጣ፤ ልውጣ።»

ስልኩ ተዘጋ። የቢሮው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። በጎኔ ያለፈች ሴት አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሥራ ማግኘቴን ነገርኋት፤ አዝና ትከሻዬን ነካ አደረገችኝና ሄደች።